አመድ አፋሿ
የከሰል ጉድጓድ ሞስና የሁምቦ ተራራ ታሪክ

ስለ ሞስ የታሪክ ጽሑፍ ልናዘጋጅ ነው ብለን ስንናገር፣ አብሮን የሚያድር ጓደኛችን ከት ብሎ ሳቀብን። «ደግሞ ሞስ ምን ታሪክ አለው? ታሪክ ያለው ንጉሥ ነው፣ ጦርነት ነው፣ ቢበዛ ቢበዛ ዝግባ ነው» አለን። እውነቱን ለመናገር አንፈርድበትም። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ድንጋይና ግንድ ላይ የሚለጠፈውን አረንጓዴም ግራጫም ነገር በጅምላ «የድንጋይ ሽበት» ብለን የምናልፍ ሰዎች ነበርን። ባለፈው ክረምት ተበላ ሄደን ከመጣን ወዲህ ግን ያ ሳቅ አልዋጥልን ብሏል። በሚከተሉት ገጾች ምክንያቱን ለማስረዳት እንሞክራለን። መንገዱ ትንሽ ጠመዝማዛ ነው፤ ከአንድ ጓሮ አመድ ተነሥቶ፣ በላይፕሲግና በዓድዋ ዞሮ፣ ሁምቦ ተራራ ላይ ያልቃል። ዓመቶቹን «ዓ.ም.» ካላልን በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈናል።

ሀ. ጓሮ ውስጥ ያየነው

ተበላ የሁምቦ ወረዳ ከተማ ናት። ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው መንገድ ያልፍባታል። ወረዳው ተራራም ቆላም አለው፤ ቆላው እየተንጣለለ እስከ ዓባያ ሐይቅ ይወርዳል። ሦስት ሆነን ነበር የሄድነው። አንዳችን የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ሁለታችን ግን ወላይታን ከካርታና ከሶዶ አውቶቡስ ተራ በቀር አናውቃትም ነበር።

ያረፍነው ጓደኛችን አክስት ቤት ነው። በሁለተኛው ቀን ጧት ዝናቡ አባርቶ ጓሮ ስንወጣ፣ ከእንሰቱ ወዲያ ምድር ላይ የተነጠፈ ክብ አረንጓዴ ነገር አየን። ስፋቱ የሁለት ሰፌድ ያህል ቢሆን ነው። አንዳችን ሣር መስሎት ሊቀመጥበት ሲል የቤቱ እመቤት ከለከሉት። በወላይትኛ የተናገሩትን ጓደኛችን እየሳቀ ተረጎመልን፦ «ተነሥ ልጄ፣ ሱሪህን ጥላሸት ታስነካዋለህ፤ ከሥሩ አመድ ነው።»

ጎንበስ ብለን ስናይ እውነታቸውን ነው። በበጋው ጭራሮ ሰብስበው ለቤት የምትሆን ጥቂት ከሰል ያወጡበት ቦታ ኖሯል። የገረመን ነገር፣ አረንጓዴው እሳቱ የነካውን አፈር ብቻ ተከትሎ መብቀሉ ነው። እሳት ያረፈበት ሁሉ ለምለም፤ ከዚያ አንድ ጣት አልፎ ደግሞ ምንም የለም። ሰው በኮምፓስ ለክቶ የሣለው ይመስል ነበር። ከምንጣፉ ላይ ከፀጉር የቀጠኑ ወርቅማ ዘንጎች ቆመዋል፤ በየጫፋቸው አንገቷን የደፋች ትንሽ ቅል የመሰለች ነገር ተንጠልጥላለች።

ከመካከላችን ባዮሎጂ የሚያጠናው ልጅ በጉልበቱ ተንበረከከና፣ «ይቺማ ፉናሪያ ናት!» ብሎ ጮኸ። ከመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል በቀር በዓይኑ አይቷት አያውቅም ነበር። ፈተና ላይ ግን ሦስት ጊዜ ሥሏታል።

እመቤቲቱ በጩኸቱ ተገርመው፣ «ይቺን ለማየት ነው ከአዲስ አበባ የመጣችሁት?» አሉ። ቀጥለውም ስለሷ የሚያውቁትን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገሩን፦ «እሷማ አመድ ያለበት ሁሉ ዝናብ ሲመታው ትወጣለች። ሣሩ ሲመጣ ደግሞ እሷ ትሄዳለች።» በኋላ ከተማ ተመልሰን መጽሐፍ ስናገላብጥ፣ ፈረንጆቹ በብዙ ገጽ የጻፉት ከዚች ቃል ብዙም የራቀ አልነበረም።

ለ. ለመሆኑ ማን ናት?

ሞስ እንደ ሌላው ተክል እውነተኛ ሥር የለውም። አፈር የሚጨብጥበት ቀጫጭን ክር ቢኖረውም፣ ውሃ የሚጠጣው በአብዛኛው በቅጠሉና በመላ አካሉ ነው። አበባም ፍሬም አያወጣም። በዓለም ላይ ወደ 12,000 የሚደርሱ የሞስ ዝርያዎች እንዳሉ ይገመታል። ብዙዎቹ ጥላና እርጥበት ፈላጊ ናቸው፤ ወንዝ ዳር፣ የዛፍ ግንድ ላይ፣ የገደል ሥር ይኖራሉ። ፉናሪያ የተባለችው ወገን ግን የተለየ ጠባይ አላት። በተለይ ፉናሪያ ሃይግሮሜትሪካ የምትባለው ዝርያ ዓለምን ያዳረሰች ናት፤ በቀዝቃዛውም በሞቃቱም አገር ትገኛለች። የምትወደው ቦታ ደግሞ ሌላው የሚሸሸውን ነው፦ የተቃጠለ ደን፣ የከሰል ጉድጓድ፣ ሰው እሳት ሲሞቅ ያደረበት ሜዳ፣ የፈረሰ ግንብ ሥር፣ የችግኝ ጣቢያ ማሰሮ።

ምክንያቱ ይህ ነው። እንጨት ሲቃጠል በውስጡ የነበረው ማዕድን በአመዱ ውስጥ ይቀራል፤ አመዱም የአፈሩን ኮምጣጣነት ይቀንሳል። እሳቱ ደግሞ በቦታው የነበረውን ሣርና አረም ጠራርጎ ያጠፋል። ስለዚህ ማዕድን የሞላበት፣ ተቀናቃኝ የሌለበት ባዶ አፈር ይገኛል። ፉናሪያ በግፊያ መካከል አትችልም። ሣር ከመጣባት ተሸናፊ ናት። ኃይሏ ፍጥነቷ ነው። በነፋስ የምትመጣው ዱቄት የመሰለች ዘር፣ ሳይንሱ ስፖር የሚላት፣ እርጥብ አመድ ላይ ካረፈች በወራት ውስጥ ምንጣፏን ዘርግታ ዘንጓን አቁማ ትገኛለች። አንድ ሁለት ዓመት ትነግሣለች። ከዚያ ሌሎች ሞሶችና ሣሮች ይመጡና ቦታውን ይረከባሉ። እሷ ግን እስከዚያ ድረስ ዘሯን ለነፋስ ሰጥታ፣ ሌላ የእሳት ቦታ ፍለጋ ሄዳለች።

የዘሯ ዕቃ ደግሞ ጉድ ነው። ያች አንገቷን የደፋች ቅል በእውነቱ ክዳን ያላት ሙዳይ ናት። ስትበስል ክዳኗ ይወድቃል። ከክዳኑ ሥር በሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ አሥራ ስድስት የሆኑ ጥርሶች አፏን ከበዋል። ሙዳዪቱ ስትደርቅ ዘሩ በጥርሶቹ መካከል ቀስ በቀስ ይበተናል። ዘንጓም ዝም ብላ አትቆምም። ስትደርቅ እንደ ፈትል ትጠመዘዛለች፤ እርጥበት ሲነካት ትፈታለች። እኛም እዚያው ጓሮ በአፋችን እፍ እያልንባት ሞከርነው፤ ዘንጓ ዞር ዞር ስትል የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ተሰበሰቡብን። ስሟም ከዚህ የመጣ ነው፦ ፉናሪያ ከላቲኑ «ገመድ» ከሚለው ቃል፣ ሃይግሮሜትሪካ ደግሞ «እርጥበት ለኪ» ከሚለው።

በአገራችን አነጋገር ለፍቶ ምስጋና የማያገኝ ሰው «አመድ አፋሽ» ይባላል። ይህችን ሞስ ከዚህ የተሻለ የሚገልጻት የአማርኛ ስም አላገኘንላትም። የተቃጠለውን አፈር መጀመሪያ የምታለብሰው እሷ ናት፤ ቦታው ለምልሞ ሲታይ ግን ስሟን የሚጠራ የለም።

ሐ. ስሟን የጻፉት

ታዲያ የሷን ነገር ማን ጻፈው? እዚህ ላይ ነው የታሪኩ መንገድ ወደ ሩቅ አገር የሚወስደን።

ሊኔ የተባለው ስዊድናዊ የዕፀዋት ሊቅ በ1753 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉ ይህችን ሞስ በሌላ የወገን ስም መዝግቧት ነበር። ፉናሪያ ብሎ አሁን በምንጠራት ስም ያጸናት ግን ዮሐንስ ሄድቪግ ነው። ሄድቪግ በ1730 በትራንሲልቫኒያ ተወልዶ በሳክሶኒ የኖረ ሐኪም ነበር። ኑሮው ሕሙማንን ማከም ሆኖ ከሥራ የተረፈውን ሰዓት በአጉሊ መነጽር ሥር ሞስ ሲመለከት ያሳልፍ ነበር። ሞስ ወንዴና ሴቴ አካል እንዳለው በግልጽ ያሳየ እሱ ነው። በ1799 ላይፕሲግ ላይ ሞተ፤ ዋናው መጽሐፉ ከሞቱ በኋላ በ1801 ታተመ። ዛሬም ሳይንሱ የሞስን ስም መቁጠር የሚጀምረው፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ከዚያ መጽሐፍ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ታሪክ እኛንም ይነካል። በ1837 ጌኦርግ ቪልሄልም ሽምፐር የተባለ ጀርመናዊ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ኤስሊንገን በምትባል ከተማ የነበረ ማኅበር ነው ዕፀዋት ሰብስቦ እንዲልክለት ወጪውን የከፈለለት። ማኅበሩ የደረቀውን ተክል ለአባሎቹ ያከፋፍል ነበር። ሽምፐር በትግራይና በሰሜን ተራሮች እየዞረ የሰበሰበው ዛሬም በአውሮፓ የዕፀዋት ቤተ መዛግብት ሁሉ ተበትኖ ይገኛል። ሰውዬው ግን መጥቶ አልተመለሰም። ደጃዝማች ውቤ የእንትጮን አገር ሰጡት፤ ኢትዮጵያዊት አግብቶ ወለደ። በ1855 ውቤ በቴዎድሮስ ድል ሲሆኑ እሱም ሹመቱን አጣ። ቆይቶም አፄ ቴዎድሮስ ከያዟቸው አውሮፓውያን መካከል ገባ፤ የተለቀቀው በ1868 ነው። በ1878 ዓድዋ ላይ ሞተ።

ይህ ሁሉ ከሞስ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። የዚሁ ሰው የአጎት ልጅ ቪልሄልም ፊሊፕ ሽምፐር፣ በዘመኑ በዓለም ላይ ከታወቁት የሞስ ሊቆች አንዱ ነበር። ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ስለ አውሮፓ ሞሶች ከ1836 እስከ 1855 ያወጣው ባለ ስድስት ጥራዝ ሥራ ለብዙ ዘመን የዘርፉ መሠረት ሆኖ ኖሯል። ወንድሙ ካርል ሽምፐርም ሞስ ያጠና ነበር፤ «የበረዶ ዘመን» የሚለውን ቃል የፈጠረውም እሱ ነው፣ ያውም ወንድሙ ወደኛ አገር በመጣበት በ1837። እንግዲህ አንዱ ቤተሰብ ሦስት ሰው አወጣ፦ አንዱ ስትራስቡርግ ተቀምጦ የአውሮፓን ሞስ በሥዕል ሲያስጌጥ፣ ሌላው ዓድዋ ተቀምጦ የኛን ቅጠል ያደርቅ ነበር። የአውሮፓ ሞስ ገና በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሙሉ መጽሐፍ ወጣለት።

የኛስ? ለኛ አገር ዕፀዋት ሙሉ መጽሐፍ የማዘጋጀቱ ሥራ የተጀመረው በ1980 ነው። ከ1959 ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየምና የስዊድን ሊቃውንት በጋራ የደከሙበት የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ፣ ስምንት ጥራዝ ሆኖ በ2009 ተፈጸመ። ይህ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም፤ ኩራታችን ነው። ነገር ግን መጽሐፉ ፈርንንና ከዚያ በላይ ያሉትን፣ ማለትም የውሃ ቧንቧ ያላቸውን ተክሎች ብቻ የያዘ ነው። ሞሶች አልገቡበትም። ስለዚህ ያች የተበላ ጓሮ ሞስ፣ ባዮሎጂ ተማሪው በፈተና ሦስት ጊዜ የሣላት ሞስ፣ በአገሯ ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ የለችም። እኛ ያወቅናት ሌላ አገር በቅላ፣ ሌላ አገር ተሥላ ነው።

መ. ተራራው

ሽምፐር ወላይታን አልረገጠም። ወላይታ ወደ ፈረንጅ ጽሑፍ የገባችው በጦርነት በኩል ነው። በ1894 አፄ ምኒልክ በካዎ ጦና ላይ ሲዘምቱ፣ ቫንደርሄም የተባለ ፈረንሳዊ ከሠራዊቱ ጋር ሄዶ ያየውን ጽፎ አሳተመ። እጅግ ብዙ ሰው አለቀ፣ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፣ የወላይታ መንግሥት ፈረሰ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1896 ኢጣሊያዊው ቦቴጎ ዓባያ ሐይቅ ደረሰና በንግሥቱ ስም «ማርጋሪታ» ብሎ ሰየመው። ሐይቁ ስም ያልነበረው ይመስል! ይህ ስም በውጭ ካርታዎች ላይ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። አንድን ነገር ባዶ ነው ብሎ ማየትና የራስን ስም መለጠፍ አብረው ይሄዳሉ።

ከዘመቻው በኋላ የወላይታ ገበሬ ገባር ሆነ። መሬቱ የሱ መሆኑ ቀርቶ፣ እሱ ከመሬቱ ጋር የሚቆጠር ሆነ። የሕዝቡ ቁጥር እየበዛ ደጋው ሲጨናነቅ ወደ ቆላ መውረድ ግድ መጣ። በ1970 በዓለም ባንክ ገንዘብ የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰው ሁሉ «ዋዱ» የሚለው፣ ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከማቅረብ ሌላ ከደጋ ያወረዳቸውን ሰዎች በአበላና በበሌ ቆላ አሠፍሯል። አበላ ሁምቦ ውስጥ ነው። ሠፈራ ሲባል ደግሞ ግራር ተቆርጦ እርሻ መውጣት አለበት። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ፤ የገባርነት ቀንበር ተሰበረ። ይህ ለወላይታ ገበሬ ምን ማለት እንደነበር ሽማግሌ ጠይቆ መስማት ይበቃል። ተራራው ግን በአዋጁ የሁሉም ሆኖ፣ በተግባር የማንም ሳይሆን ቀረ። ማንም የኔ ነው ብሎ የማይጠብቀው ዛፍ ደግሞ መጀመሪያ በቸገረው ሰው መጥረቢያ ይወድቃል።

እንግዲህ ከሰሉ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ያረፍንባቸው እመቤት ማታ እሳት ዳር ያጫወቱን ይህንኑ ነው። በ1977 ዓ.ም. የረሃብ ዘመን ልጅ ነበሩ። እናታቸው ከተራራው እንጨት ቆርጠው፣ አፈር አልብሰው አክስለው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ሶዶ ገበያ ያወርዱ ነበር። እሳቸውም አድገው ያንኑ ሠሩ። «ደን አጥፊ እየተባልን ተሰደብን፤ የሰደቡን ሰዎች ግን ከሰሉን ይገዙ ነበር» አሉን። እኛ ዝም አልን። ምን እንላለን? የከተማ ልጆች ነን። ለፈተና ስናጠና ያነቃን ቡና በምን እንደፈላ እናውቃለን።

ተራራው እየተራቆተ ሲሄድ ጎርፉ እርሻውን ይጠርግ፣ አፈሩን ይዞ ይወርድ ጀመር። ብዙ ሰው ተራራው ሞቷል ብሎ ቆረጠ። መፍትሔ ሲባል ደግሞ ሁልጊዜ የሚታሰበው አንድ ነገር ነው፦ ከሌላ ቦታ ችግኝ ማምጣት።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኒጀር እንሻገር፤ ሁምቦ ላይ የሆነውን ለመረዳት ግድ ነው። ቶኒ ሪናውዶ የተባለ አውስትራሊያዊ በኒጀር ዛፍ ለማልማት ለዓመታት ደክሞ ነበር። የሚተክለው ችግኝ አብዛኛው ይደርቅበታል። በ1983 አንድ ቀን በአሸዋ መንገድ ላይ መኪናውን አቁሞ የጎማውን አየር ሊቀንስ ሲወርድ፣ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ቁጥቋጦ ጠጋ ብሎ አየ። ቁጥቋጦ አልነበረችም፤ ከተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ያቆጠቆጠች ቅርንጫፍ ነበረች። ዙሪያውን ሲያይ ሜዳው ሁሉ እንዲያ ነው። ሥሩ ከመሬት በታች በሕይወት አለ፤ በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፣ በየዓመቱ ይቆረጣል ወይ ይበላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘዴው ተለወጠ፦ ከየጉቶው ጠንካራውን ቅርንጫፍ መርጦ ማስቀረት፣ ሌላውን መመልመል፣ መጠበቅ። ሥራው በ2018 ትልቅ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶለታል።

ይኸው ዘዴ በ2006 አካባቢ ወርልድ ቪዥን በተባለው ድርጅት በኩል ሁምቦ ደረሰ። መጀመሪያ ሕዝቡ ተጠራጠረ፤ ተራራችንን ሊወስዱብን ነው የሚል ሥጋት ነበር። ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው ሥጋቱ አይገርምም። ነገሩን የቀየረው የባለቤትነቱ ጥያቄ መመለሱ ነው። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው፣ በ2,728 ሄክታር ተራራ ላይ ሕጋዊ የመጠቀም መብት አገኙ። ቦታውን ከልቅ ግጦሽና ከመጥረቢያ ከለሉት፤ ሣር አጭዶ መውሰድና የተመለመለ ቅርንጫፍ ማገዶ ማድረግ ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለኛ የዚህ ጽሑፍ እምብርት ነው፦ ከለማው ደን ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው ከተቆረጡት ዛፎች ጉቶና ሥር ያቆጠቆጠ ነው። ወይራው፣ ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ግራሩ እዚያው ነበሩ። ሞቷል የተባለው ተራራ አፈር ለብሶ ተኝቶ ነበር።

በ2009 ይህ ሥራ በኪዮቶው ስምምነት መሠረት ተመዘገበ፤ በዓይነቱ በአፍሪካ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ነበር። በ30 ዓመት ውስጥ ወደ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይይዛል ተብሎ ተሰላ፤ ከዚህ ውስጥ 165,000 ቶኑን የዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድ ሊገዛ ተዋዋለ። ከሽያጩ በተገኘው ገንዘብ ማኅበራቱ የእህል መጋዘንና ወፍጮ አቁመዋል።

በዚህ ነገር ላይ እኛ ሦስታችን ተከራክረናል። አንዳችን፣ «ጭሱ የነሱ፣ ጥበቃው የኛ! የሀብታም አገር ፋብሪካ እያጨሰ በርካሽ ዋጋ የኛን ዛፍ ትንፋሽ ገዛ» አለ። ሁለተኛው፣ «ወፍጮው እኮ ቆሟል፤ ሴቶቹ ከሙቀጫ አርፈዋል» አለ። ክርክሩ አላለቀም፤ የሁለቱም እውነት ስለሆነ ያልቃል ብለንም አናምንም። የሁምቦው ልጅ ግን የተናገረው ሌላ ነው፦ «ገንዘቡ ቢቀርም ደኑ አይቀርም፤ አሁን የኔ የሚል ሰው አለው።» ይህ ቃል እስካሁን ከጆሯችን አልወጣም። እውነት ሆኖ እንዲቀጥል ግን መብቱም አብሮ መቀጠል አለበት።

ሠ. ምን አልን?

አንባቢ እንዳይሳሳትብን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። የሁምቦን ደን የመለሰችው ሞሷ ናት አላልንም። ደኑን የመለሱት ያልሞቱ ሥሮችና መብት ያገኙ ሰዎች ናቸው። ፉናሪያ ያረፈችበትን አመድ ለአንድ ሁለት ዓመት ሸፍና፣ የላይኛውን አፈር ጨብጣ፣ ሣሩ ሲመጣ ትለቃለች። ድርሻዋ ይቺው ናት።

ሁለቱን ያገናኘንበት ምክንያት፣ ሁለቱም የታዩት ሰው ሲጎነበስ ብቻ በመሆኑ ነው። ከመኪና መስኮት ሲታይ የከሰል ጉድጓድ ጥቁር ነጥብ ነው፤ የተራቆተ ተራራ ቡናማ ግድግዳ ነው። ከዚህ እይታ የሚወጣው ውሳኔም የታወቀ ነው፦ «ባዶ ነው፤ ከሌላ ቦታ እናምጣ።» ችግኝም ከሌላ ቦታ፣ ሰውም ከሌላ ቦታ፣ የሐይቅ ስምም ከሌላ ቦታ፣ የሞስ ሥዕልም ከሌላ ቦታ። በወላይታ ታሪክ ውስጥ ይህ ውሳኔ ስንት ጊዜ እንደተወሰነ ከላይ ያየን ይመስለናል። ጉቶው ያቆጠቁጥ እንደነበር ግን የሚያውቅ ሰው ነበረ፤ ያንን ቅርንጫፍ በየዓመቱ ለማገዶ የምትቆርጠው ሴት ታውቅ ነበር። አመድ ላይ ምን ቀድሞ እንደሚበቅልና ማን እንደሚተካው እሷው ታውቅ ነበር። የጠየቃት አልነበረም።

ለሳቀብን ጓደኛችን መልሳችን ይህ ነው። ሞስ ታሪክ አለው። ታሪኩ ያልተጻፈው ትንሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የሚጽፈው ሰው ሁልጊዜ በበቅሎ ወይም በመኪና ላይ ስለነበረ ጭምር ነው። ሽምፐርን ለማማት አይደለም፤ እሱስ ቢያንስ ወርዶ ለቅሟል፣ ዕድሜውንም እዚሁ ጨርሷል። የምንወቅሰው ራሳችንን ነው። ከሳይንስ ፋኩልቲው ሕንጻ ሥር፣ ዝናብ በመታው ግንብ ጥግ፣ የጥበቃ ሠራተኞች እሳት በሚሞቁበት ቦታ፣ በየቀኑ የምንረግጠውን ማን ይዘግበዋል ብለን ነው የምንጠብቀው?

በትልቁ መጽሐፍ ውስጥ ሞሶች የሉም ብለናል። እንግዲህ ያልተሠራ ሥራ አለ ማለት ነው፤ ለመጀመርም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የጋዜጣ ወረቀት፣ ፖስታ፣ እርሳስና አንድ አጉሊ መነጽር ይበቃል። የት እንደተገኘ፣ በምን ላይ እንደበቀለ፣ በየትኛው ወር፣ በዚያ አገር ቋንቋ ምን እንደሚባል ይጻፍበት። የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለሉት፤ እኛ ዘልለነው ተጸጽተናል። ስንሰናበት እመቤቲቱ ላስቲክ ውስጥ ቋጥረን የያዝናትን አንዲት ጭብጥ ሞስ አይተው፣ «አዲስ አበባ አመድ የለም እንዴ?» ብለው ጠየቁን። ሳቅንና መልስ ሳንሰጣቸው አውቶቡሱ ተነሣ። ስሟን በወላይትኛ ሳንጠይቃቸው መምጣታችን ትዝ ያለን ሶዶ ከደረስን በኋላ ነው።

የሁምቦው ልጅ በሚቀጥለው እረፍት ጠይቆ ሊመጣ ቃል ገብቷል። ከየአገሩ የመጣችሁ አንባብያንም በየቋንቋችሁ የምትጠራበትን ስም ካወቃችሁ ለዚህ መጽሔት ዝግጅት ክፍል ጽፋችሁ ብታስገቡ፣ በሚመጣው እትም አንድ ላይ እናወጣዋለን።